ለአየር ክፍል ኃላፊ

ጥቅምት 9

እታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። አክስታችንም ደህና ናት፤ “ሰላም በልልኝ” ብላለች። ለማን እንደምጽፍ ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።

ቀብርሽ በሰዓቱ ተጀመረ። መዘግየት ስለማትወጂ ነው ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ። ዝናብ አልነበረም። የመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች በሁለት መኪና መጡ። “ማዕዘን” እያልሽ የምትጽፊልኝን ሰውዬ ማንም ሳያሳየኝ ለየሁት። በዘጠና ዲግሪ ነው የሚዞረው ያልሽኝ እውነት ነው። በሣሩ ላይ አቋርጦ መምጣት ሲችል መንገዱን ይዞ እስከ ጥጉ ሄደና እዚያ ታጠፈ። ንግግር ሲደረግ ደግሞ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። አክስቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ “ይሄ ሰውዬ ባቡር ያመልጠዋል እንዴ?” አለችኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ሰዎች ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ አይተው የማለቅስ መሰላቸውና “በርታ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ?” አሉኝ።

ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። መምህሮቹ የቤት ሥራ አይጠይቁኝም። ምሳ ላይ “እስኪ አቅምሰን” የሚል ሰው ጠፋ። ምሳዬን ሙሉውን ብቻዬን ስበላ የመጀመሪያዬ ነው፤ ለካ አክስቴ ብዙ ነው የምትቋጥርልኝ።

የምትሠሩት ሕንፃ የት ደረሰ? ለመጨረሻ ጊዜ ስትጽፊልኝ በሦስተኛው ፎቅ ያሉት የምርምር ክፍሎች በር እየተገጠመላቸው ነው፣ ከዚያ ማራገቢያዎቹ ይከፈታሉ ብለሽኝ ነበር። ተከፈቱ? አየሩ በሣልሽው መንገድ ሄደ? ሥራዬ በሙሉ አየር ከንጹሕ ክፍል ወደ ተበከለው እንዲሄድ እንጂ ከተበከለው ወደ ንጹሕ እንዳይመለስ ማድረግ ነው ትይኝ ነበር። መመለሱን ወይም አለመመለሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አድራሻውን እንዳስተማርሽኝ “ለአየር ክፍል ኃላፊ” ብዬ ጽፌዋለሁ። በስም የተላከ ደብዳቤ ጥበቃ ቤት ተከምሮ ይከርማል ብለሻል። ስልክ ልደውልልሽ ብልም እዚያ ስልክ የሚሠራው የውሃ ታንከሩ ላይ ወጥቶ ነው።

ወንድምሽ


ጥቅምት 21

ለወንድሟ፣

ደብዳቤህን ከፍቼ ስላነበብኩ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ፖስታው ላይ የተጻፈው የሥራ መደቡ ነበር፤ ያ ወንበር ደግሞ ከእህትህ በኋላ ለእኔ ተሰጥቷል። የመጀመሪያውን መስመር እንዳየሁ ማጠፍ ነበረብኝ። አላጠፍኩትም።

ማዕዘን የተባለው ሰውዬ እኔ ነኝ። ስሜ ይህ መሆኑን የሰማሁት ከአንተ ነው። ቢሮ ውስጥ ብጠይቅ ከእኔ በቀር የማያውቅ ሰው የለም፤ ሻይ የምታቀርብልን ልጅ እንኳ አፏን በእጇ ይዛ ወጣች። ሰዓቴን የማየው ባቡር ስለሚያመልጠኝ አይደለም። እጄን የማደርግበት ሲጠፋኝ ሰዓቴን አያለሁ። ለአክስትህ ንገርልኝ።

ጥያቄህ ለእሷ ቢሆንም ልመልስልህ። የምሥራቁ ክንፍ ማራገቢያዎች ተከፍተዋል። ስንፈትን ቀጭን ጭስ የምታወጣ ብልቃጥ በሩ ሥር እንይዛለን፤ ጭሱ ወደሄደበት ነው አየሩም የሚሄደው። ወደ ውስጥ ተሳበ፤ አንድም ወደ እኛ የተመለሰ የለም። በሣለችው መንገድ ሄዷል ማለት ነው። የምዕራቡ ክንፍ ገና ነው፤ እዚያ ጥቂት የሚስተካከሉ ነገሮች አሉ።

ደብዳቤህን መልሼ ልላክልህ ወይስ እዚህ ይቀመጥ? ጫማዋና የራስ መከላከያ ቆቧም እዚህ አሉ፤ እነሱንስ ልላክ? እዚያ ቤት ከማን ጋር ነው የምትኖረው? የጠየቅኩህ ለማወቅ ያህል ነው፤ ካልፈለግህ አትመልስ።

ያጽናህ።

ማዕዘን


ኅዳር 2

ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? ደብዳቤው እዚያው ይቀመጥ። የላኩበት ቦታ ነው የደረሰው።

ስለ ስሙ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እህቴ ክፋት የለባትም፤ ለሰው ሁሉ ስም ታወጣ ነበር። እኔን “አቶ እሺ” ነበር የምትለኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እሺ እላለሁ፣ አላደርገውም። አክስቴም ይቅርታ ጠይቃለች። “ምነው ባቡሩ በሆነ፣ አሁን በምን ዓይኔ ነው የማየው?” አለች። መቼ ልታይዎት እንደሆነ ግን አላውቅም።

የምኖረው ከእሷ ጋር ነው። ወላጆቻችን የሞቱት እኔ ትንሽ ሳለሁ ነው፤ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። ወደ እናንተ ስትመጣ አክስቴ መጥታ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። ዘንድሮ የመጨረሻው ክፍል ነኝ።

እቃዋን ስላሉኝ፣ መላክ አያስፈልግም። ጫማዋን የሚሆናት ሰው ካለ ይስጡልኝ። የራስ መከላከያ ቆቧ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ይመስለኛል።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ሕንፃው ሲያልቅ ስሟ የሚቀርበት ቦታ አለ? አክስቴ “ሕንፃ ላይ ስሙ የሚቀረጸው ሪባን የሚቆርጠው ሰው ነው” ትላለች። እኔ እብነ በረድ ላይ ይቀረጽ አላልኩም። የትም ቢሆን፣ ማንም ባያየውም፣ የሆነ ቦታ መኖሩን ማወቅ ነው የምፈልገው። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

በምዕራቡ ክንፍ የሚስተካከሉት ነገሮችስ ምንድን ናቸው?

ወንድሟ


ኅዳር 15

ለወንድሟ፣

አክስትህ ስለ ሪባኑ ልክ ናቸው። ነገር ግን ሌላ ቦታ አለ።

እያንዳንዱ የንድፍ ወረቀት ከታች በቀኝ ጥግ አንድ ሣጥን አለው። እዚያ ነዳፊው ስሙን ይጽፋል። ሕንፃው ሲያልቅ የመጨረሻዎቹ ወረቀቶች ታትመው በማሽን ክፍሉ ውስጥ በብረት ቁም ሣጥን ይቀመጣሉ፤ ሕንፃው እስካለ ድረስም ከዚያ አይወጡም። አንድ ነገር ሲበላሽ ጠጋኙ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። የሌሎቹን ፎቆች አየር በሥሯ ላሉት ልጆች ሰጥታ እሷ ራሷ የነደፈችው ሦስተኛውን ፎቅ ብቻ ነው፤ ከባዱ እሱ ስለሆነ። ስለዚህ ስሟ ያለበት ወረቀት አንድ ነው። አንድ መሆኑን ግን እንደ ትንሽ አትቁጠረው፤ የምርምር ክፍሎቹ በሙሉ እሱ ላይ ናቸው።

ጣራው ዝቅ ስላለ አንድ ፎቅም ልንገርህ፤ እዚህ እስካሁን ይወራል። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቱቦና ሽቦ ብቻ የሚያልፍበት፣ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚሄድበት ፎቅ ይኑር ብላ ነበር። አርክቴክቱ አበደ።

“ሰው የማይገባበት ፎቅ ለምን እሠራለሁ?” አላት።

“ሰው እዚህ ገብቶ ታች እንዳይገባ ነዋ። ቧንቧ የሚጠግን ሰው ቫይረስ ያለበት ክፍል ገብቶ ጣራ ይክፈት?”

“የሕንፃዬን ቁመት አጠፋሽው እኮ! ወፍራም አደረግሽው። ውበቱን ገደልሽው።”

“ውበቱ ይሙት፣ ቧንቧ ሠሪው ይኑር” አለችው።

ፎቁ ተሠራ። ቧንቧ ሠሪዎቹ በእሷ ስም ይጠሩታል። አርክቴክቱም አሁን ለጎብኚ ሲያስጎበኝ የራሱ ሐሳብ አስመስሎ ያወራል፤ እሷ ብትሰማው ደስ ይላት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሌላውን ጥያቄህን በሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ማዕዘን


ኅዳር 30

ለወንድሟ፣

በዚህኛው ደብዳቤህ “የምዕራቡ ክንፍስ?” ከምትል አንድ መስመር በላይ አልጻፍክም፤ ሰላምታም የለውም። ልክ ነህ። ሥራ አልበዛብኝም ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። በሦስተኛው ፎቅ፣ በምዕራቡ ክንፍ አንድ ክፍል አለ። መጀመሪያ የታሰበው ሕዋስ እንዲራባበት ነበር። እንዲህ ያለ ክፍል ከውጭ ብናኝ እንዳይገባበት አየሩን ወደ ውጭ ይገፋል። በኋላ ተመራማሪዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡና ቫይረስ ይመርመርበት አሉ። ይህ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በውስጡ ያለው እንዳይወጣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። እህትህ ንድፉን ገለበጠችው። ቀስቶቹን ሁሉ አዞረች፣ ቱቦዎቹን ቀየረች፣ ማራገቢያውን አሳደገች። በሩን ረሳችው።

እንዲህ ባሉ ክፍሎች በር የሚከፈተው አየሩ ወደሚነሳበት ጎን ነው። ያኔ አየሩ ራሱ ገፍቶ ይዘጋዋል። አየሩ ሲገለበጥ በሩም መገልበጥ ነበረበት። እሷ ግን እንደ ድሮው ወደ ውስጥ የሚከፈት አድርጋ ተወችው፤ እንደተሣለውም ተገጠመ። ማራገቢያውን ስናስነሳ በሩ ቀስ እያለ ብቻውን ተከፈተ። በር ገጣሚው ዞር ብሎ “ማን ነው?” አለ። ማንም አልነበረም፤ አየሩ ነው። ብንዘጋው መልሶ ከፈተው።

ይህ የጀማሪ ስህተት ነው። ይህን ደንብ ለቢሮው ልጆች የምታስተምረው እሷ ነበረች፤ ለዚህ ነው ማናችንም ያላየነው። እሷ የሠራችውን በር ማን መርምሮ ያውቃል? የተጎዳ ሰው የለም፤ ክፍሉ ባዶ ነው። ማጠፊያውን ወደ ሌላው ጎን አዛውረን በሩን ገልብጠን ሰቀልነው። አሁን ይዘጋል።

የቀረው ወረቀቱ ነው። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አለቃችን የሚፈልጉት ነው፤ ፎቁን በአዲስ ወረቀት እንደገና አውጥቼ እኔ እፈርማለሁ። ስህተት የሚባል ነገር አይታይበትም፤ ባለቤቶቹም ጥያቄ አያነሱም። የእሷ ስም ግን አይኖርም። ሁለተኛው የእሷን ወረቀት እንዳለ ይዞ ማረም ነው። ያን ጊዜ በተስተካከለው በር ዙሪያ በቀይ የተጠማዘዘ መስመር ይሣላል፤ እኛ ደመና እንለዋለን። ጎኑ ላይ “የበሩ አከፋፈት ስህተት ታርሟል” ተብሎ ይጻፋል። ስሟ ሳይነካ ይቆያል፤ ስህተቷም እንደዚያው። ቁም ሣጥኑን የሚከፍት ሁሉ ሁለቱን አብሮ ያያል።

እኔው ልወስን እችል ነበር። ነገር ግን ስሟ እንዲቀር የጠየቅከው አንተ ነህ፤ እንዲህ ሆኖም ቢሆን ትፈልገው እንደሆነ ግን አላውቅም። በታኅሣሥ ማብቂያ ማስረከብ አለብኝ።

ቶሎ ስላልነገርኩህ ይቅርታ።

ማዕዘን


ታኅሣሥ 9

ጋሼ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤ ከዚያ ኳስ ልጫወት ወጣሁ። ስመለስ እንደገና አነበብኩት። ያው ነው።

እኔ ተናድጃለሁ፤ በእርስዎ አይደለም። የእኔን የሒሳብ ደብተር ስታይ አንዲት የመደመር ምልክት እንኳ አታልፍልኝም ነበር። “ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የሄድከው?” ትለኝ ነበር።

ለአክስቴ አነበብኩላት። “በሩ ተስተካክሏል አይደል? ታዲያ ምኑ ነው የሚጻፈው! ሙት ወቃሽ መሆን ነው። ንጹሑን ወረቀት ያውጡ፣ እሷም ትረፍ” አለች። “ስሟ አይኖርማ” አልኳት። “ስሟ የሚነሳው በስህተት ከሆነ ባይነሳስ?” አለች።

አንድ ነገር ይንገሩኝ። ያንን በር የሣለችው ታማ እያለች ነው? ክረምቱን ሙሉ ራሷን ያማት እንደነበር በኋላ ነግራኛለች፤ ለእኔ ስትጽፍም መስመሮቿ ይጣመሙ ነበር። ከዚያ ወቅት ከሆነ በቀይ መስመሩ ጎን “ታማ ነበር” ብላችሁ መጨመር ትችላላችሁ። እንደዚያ ከሆነ ስሟም ስህተቷም ቢቆዩ ግድ የለኝም።

ከማን ጋር እንደምኖር ጠይቀውኝ ነበር፤ አሁን አክስቴ ልትሄድ ነው። ልጇ ልትወልድ ነው፤ የመጀመሪያዋ ስለሆነ አጠገቧ መሆን አለባት። “አንተን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?” ትላለች፤ እኔ ደግሞ ሂጂ እላታለሁ። ጎረቤታችን ማታ ማታ ብቅ እያለች ታየኛለች። ፈተናው ሲያልቅ እኔም ወደ አክስቴ እሄዳለሁ።

ወንድሟ


ታኅሣሥ 17

ለወንድሟ፣

አይደለም። ታማ አልነበረም።

ንድፉን የገለበጠችው ባለፈው ጥር ነው፤ ሕመሟ የጀመራት በሰኔ። ያን ሳምንት አስታውሰዋለሁ። ከማናችንም ቀድማ መወጣጫውን ወጥታ ጣራ ላይ ደርሳ ነበር። በጠረጴዛ ቴኒስ አሸነፈችኝና “ምነው፣ ማዕዘኑ ጠበበህ?” አለችኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳይገባኝ አብሬ ሳቅኩ። ጤነኛ ነበረች፣ ደስተኛም ነበረች፤ በሩን ረሳችው።

ሌላ መልስ ብሰጥህ በወደድኩ። ታማ ነበር ብዬ ብጽፍልህ አንተም ታምነኝ ነበር፤ እንደዚያ የሚል ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የምትፈልገውን ጻፍልኝ። ካልጻፍክልኝ በአለቃችን መንገድ ይሄዳል።

ማዕዘን


ታኅሣሥ 24

ጋሼ፣

ስሟ ይቆይ። ቀዩም መስመር ይሣል፤ “ስህተት” የሚለውን ቃል አያለዝቡት። ስለ ሕመሟ ምንም አይጻፍ። እርስዎም አራሚ ብለው ስምዎን ይጨምሩ፤ ትክክለኛውን ስምዎን ማለቴ ነው።

እንዴት እንደወሰንኩ ቢጠይቁኝ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ትናንት ማታ ገና አልወሰንኩም ነበር። ዛሬ የሆነውን ልንገርዎት።

አክስቴ ትናንት ከሰዓት ሄደች። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። የቀሰቀሰችኝ ፀሐይ ናት፤ ፀሐይ ደግሞ የእኔ አልጋ ላይ የምትደርሰው ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው። የደወለውን ሰዓት እኔው ዘግቼው ተኝቻለሁ፤ ስዘጋው አላስታውስም። ዳቦ በልቼ፣ ሸሚዜን በመንገድ እየቆለፍኩ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ተቆጣጣሪው ነበር፤ የሚያረፍዱትን የሚመዘግበው እሱ ነው። ከእኔ በፊት አምስት ስድስት ልጆች ተሰልፈዋል።

“አንተስ?”

“ታክሲ ጠፋ።”

“አንተ?”

“ታክሲ ጠፍቶ።”

“ከተማው ውስጥ ታክሲ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው” አለና እኔ ጋ ደረሰ። ሲያየኝ ድምፁ ዝቅ አለ። ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ድምፁ ዝቅ ይላል።

“አንተ ግባ፣ የኔ ልጅ። አልጽፍህም።”

“አርፍጃለሁ እኮ፣ ጋሼ።”

“አውቃለሁ። የሐዘን ነገር ነው። ሂድ ግባ።”

“ሐዘን አይደለም። ተኝቼ ነው።”

“እሺ፣ ታክሲ ጠፍቶ ነው ልበልልህ?”

“ተኝቼ ነው” አልኩት እንደገና። “ይጻፉኝ።”

ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ አንድ ልጅ “ኧረ ጻፉት፣ እኛም እንግባ!” አለ። ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደና ስሜን ከነአባቴ ጻፈ፤ ጎኑ ላይ “እንቅልፍ” ብሎ ጨመረ። “በሃያ ዓመት ሥራዬ እንቅልፍ ብዬ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው” አለ። “እንግዲህ ቅጣቱን ታውቃለህ፤ ሁላችሁም ወደ ጓሮ!”

ቅጣቱ የጓሮውን ቅጠል መጥረግ ነው። መጥረጊያው ከሰዉ ያነሰ ስለነበር ተራ ጠበቅኩ። አንዱን ልጅ በመልክ ብቻ ነው የማውቀው፤ ከሌላ ክፍል ነው።

“አንተስ ምን ጠፋብህ፣ ታክሲ?” አለኝ።

“ምንም። ተኝቼ ነው።”

“ኧረ ባክህ! እና እንደዚያ ብለህ ነገርከው?” አለና ጮክ ብሎ ሳቀብኝ። ሌሎቹንም ጠራቸው፤ እነሱም ሳቁ። ከዚያ መጥረጊያውን ወረወረልኝ። “በል እንካ፣ እንቅልፋም። ያንን ጥግ አንተ ነህ የምትጠርገው።”

ያዝኩት። ጥጉን ጠረግኩ፤ ነፋስ ቅጠሉን መልሶ ሲበትነው ደግሜ ጠረግኩ። ደወሉ ሲደወል ሒሳብ ነበረን፤ ገባሁ።

ወንድሟ